ትምህርት ቤትና የተማሪዎች የፈጠራ ችሎታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትምህርት ቤት የልጆችን የፈጠራ ችሎታ ያለመልማል ወይስ ያቀጭጫል የሚለውን ጥያቄ ወላጆችም፣ መምህራንም፣ ተማሪዎች ራሳቸውም ደጋግመው ያነሱታል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከሁለት ጽንፎች ወደ አንዱ ያዘነብላል፤ ወይ ትምህርት ቤት ልጅ ይዞት የመጣውን ብልጭታ የሚያዳፍን ቦታ ተደርጎ ይወቀሳል፣ ወይ ደግሞ ፈጠራ ለታደለ ብቻ የሚሰጥ ጸጋ ስለሆነ ማስተማር አይጨምርለትም አይቀንስለትም ተብሎ ይታለፋል። እዚህ የቀረቡት መልሶች ሁለቱንም አይቀበሉም። ልዩነቱን የሚያመጣው የሚሰጠው ዕውቀት መብዛቱ ወይም ማነሱ ሳይሆን፣ በክፍል ውስጥ ጥያቄውን ማን ያነሳል፣ ያልተሳካ ሙከራስ ምን ይገጥመዋል የሚለው ነው ብለን እናምናለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፈጠራ ስንል በትክክል ምን ማለታችን ነው?

በመስኩ ተመራማሪዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት ትርጉም ሁለት ነገሮችን ያጣምራል፤ ሐሳቡ ወይም ሥራው አዲስ መሆን አለበት፣ ለተፈለገበት ጉዳይም የሚበጅ መሆን አለበት። ቃላትን በዘፈቀደ መደርደር አዲስ ነገር ሊያስገኝ ይችላል፣ ግጥም ግን አይወጣውም። በትምህርት ጉዳይ ደግሞ «አዲስ» የሚለውን ቃል ለዓለም ሁሉ አዲስ ብሎ መረዳት ስሕተት ነው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ኢተጋማሽ ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ ተጋማሽ ቁጥር እንደሚሰጡ ማንም ሳይነግራት ብትደርስበትና ምክንያቱንም ጠጠሮችን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ብታስረዳ፣ ነገሩ ከሺህ ዓመታት በፊት የታወቀ መሆኑ የእሷን ፈጠራ አያሳንሰውም።

ጉዳዩ በጥናት መፈተሽ የጀመረው ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆይ ፖል ጊልፎርድ በ1950 የሀገሩ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ባሰማው ንግግር፣ በ23 ዓመታት ውስጥ በሙያው መዝገብ ከሰፈሩት 121,000 ገደማ ጽሑፎች ፈጠራን የሚመለከቱት 186 ብቻ መሆናቸውን ጠቅሶ የሙያ ባልደረቦቹን ወቅሷል። ወደ አንድ ትክክለኛ መልስ የሚያመራውን አስተሳሰብ ከአንድ መነሻ ወደ ብዙ አቅጣጫ ከሚዘረጋው አስተሳሰብ የለየውም እሱ ነው። ኤሊስ ፖል ቶራንስ በዚሁ መሠረት ላይ ቆሞ በ1966 ያሳተመው ፈተና፣ አንድ ተራ ዕቃ ለስንት ዓይነት አገልግሎት ሊውል እንደሚችል እንደሚጠይቀው ባሉ ጥያቄዎች የሐሳብን ብዛት፣ ልዩ ልዩነትና እንግዳነት ለመመዘን ይሞክራል፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ብዙ ሐሳብ ማፍለቅ ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ከፈለቁት መካከል የሚረባውን መርጦ ማጥራት ሌላው ግማሽ ነው፣ ትምህርት ቤት ሊያግዝ የሚችለውም በሁለቱም ላይ ነው።

የጥንቱ ትምህርት በሙሉ ሽምደዳ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል እውነት ነው። በሜሶጶጣሚያ ኒፑር በተባለችው ከተማ ከ3,700 ዓመታት ገደማ በፊት የነበሩ የጸሐፊነት ተማሪዎች የተለማመዱባቸው የሸክላ ጽላቶች በብዛት ተገኝተዋል፤ በብዙዎቹ ላይ የመምህሩ ናሙናና የተማሪው ግልባጭ ጎን ለጎን ይታያሉ፣ ይዘታቸውም የምልክቶች፣ የቃላትና የምሳሌያዊ አነጋገሮች ዝርዝር ነው። በቻይና ደግሞ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ተጀምሮ በ1905 የተሻረው የመንግሥት ሹማምንት መምረጫ ፈተና ለ1,300 ዓመታት ገደማ የትምህርቱን መልክ ወስኖ ኖሯል። ተፈታኙ ጥንታዊ መጻሕፍትን በቃሉ መያዝ ነበረበት፤ በኋለኞቹ ሥርወ መንግሥታት ዘመንም መልሱን በስምንት ክፍሎች በተቀነበበ ጥብቅ የድርሰት ቅርጽ መጻፍ ግዴታው ሆነ።

ይሁን እንጂ ሽምደዳ ያለበት ሁሉ ፈጠራ የጠፋበት ነው ብሎ መደምደም ያሳስታል። ለዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚሆነን በግሪክና በሮም የንግግር ጥበብ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው የመሰናዶ ልምምድ ነው። ተማሪው መጀመሪያ አንድን ተረት በራሱ አንደበት መልሶ ይተርካል፤ ቀጥሎ ያሳጥረዋል፣ ያስረዝመዋል፤ ከዚያ አንድን ታሪክ እውነትነቱን ደግፎ፣ ከዚያም ተቃውሞ ይከራከራል፤ ከፍ ሲል ደግሞ በአንድ ሰው ገጸ ባሕርይ ውስጥ ገብቶ ይናገራል። ከታወቁት ልምምዶች አንዱ በግሪክ አፈ ታሪክ ልጆቿ ሁሉ የሞቱባት ኒዮቤ በሬሳቸው ላይ ቆማ ምን ልትል እንደምትችል እንዲያዘጋጁ ይጠይቅ ነበር። ታሪኩ የታወቀ ነው፣ ሥርዓቱም የተወሰነ ነው፤ የእናቲቱን ቃል ግን ተማሪው ከራሱ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት አለበት። ይህ መኮረጅን ወደ መፍጠር የሚያሸጋግር ድልድይ ነው፤ ዛሬ በብዙ ክፍሎች የጎደለውም ይኸው ድልድይ ይመስለናል፣ ምክንያቱም ተማሪው ወይ እስከ መጨረሻው እንዲገለብጥ ይደረጋል፣ ወይ ደግሞ ምንም መነሻ ሳይሰጠው «የራስህን ፍጠር» ይባላል።

የእጅ ሙያ ሲወረስ የኖረበት መንገድም ከዚህ ይቀራረባል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሎረንስ የነበረው የሠዓሊውና ቀራጺው የአንድሬያ ዴል ቬሮኪዮ የሥነ ጥበብ መሥሪያ ወጣቶችን ተቀብሎ ያሠለጥን ነበር፤ ሠልጣኙ የጌታውን ሥራ እየቀዳ እጁን ካፍታታ በኋላ በጌታው ሥዕል ላይ አንድ ክፍል ይሰጠው ነበር። የክርስቶስን ጥምቀት በሚያሳየው የቬሮኪዮ ሥዕል ላይ በግራ በኩል የሚታየውን መልአክ የሣለው በዚያን ጊዜ ሠልጣኝ የነበረው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው።

ታዲያ ዛሬ የምናውቀው ክፍል፣ በዕድሜ የተደለደለው፣ ከየት መጣ?

መንግሥታት ሁሉንም ልጅ ለማስተማር ከተነሡበት ጊዜ ነው የመጣው። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በ1763 ባወጣው ደንብ ልጆች ከአምስት ዓመት ጀምሮ እስከ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመታቸው ትምህርት ቤት እንዲሄዱ አዘዘ። በለንደን ጆሴፍ ላንካስተር በ1798 በከፈተው ትምህርት ቤት አንድ መምህር በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን በአንድ አዳራሽ የሚያስተምርበትን ዘዴ አስፋፋ፤ ጎበዝ ተማሪዎች ትምህርቱን ከመምህሩ ተቀብለው ለታናናሾቻቸው ያስተላልፉ ነበር። አሜሪካዊው ሆራስ ማን በ1843 የፕሩሲያን ትምህርት ቤቶች ጎብኝቶ በአድናቆት ተመለሰ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም፣ በ1847፣ በቦስተን የተመሠረተው የክዊንሲ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን በየደረጃቸው ለይቶ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን መምህር፣ ለእያንዳንዱ ልጅም የራሱን መቀመጫ ሰጠ። የጽሑፍ ፈተና በአንድ ከተማ ትምህርት ቤቶች በጅምላ የተሰጠውም በዚያው በቦስተን በ1845 ነው።

ይህን አደረጃጀት በፋብሪካ መመሰል የተለመደ ነው፤ ምስሉ ግን ግማሹን ይሰውራል። ለአንድ መምህር ስልሳና ሰባ ልጅ ሲሰጠው ሁሉም በአንድ ሰዓት አንድ ገጽ መክፈታቸው ሥርዓቱ የቻለበት መንገድ ነበር፤ ማንበብ ለጥቂቶች ብቻ የተፈቀደ ሀብት መሆኑ የቀረውም በዚሁ መንገድ ነው። ዋጋ ማስከፈሉ ግን አይካድም። ጥያቄ የመምህሩ፣ መልስ የመጽሐፉ፣ ጊዜ የደወሉ ሆነ። ልጁ አንድ ነገር እንዲያውቅ እንጂ አንድ ነገር እንዲያስደንቀው የተመደበ ሰዓት አልነበረም።

በዚያው ዘመን ይህን የተቃወሙ አልነበሩም?

ነበሩ፤ ሐሳባቸውም ዛሬ «አዲስ» እየተባለ የሚቀርበው ነው። ከሁሉ ቀድሞ ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒየስ በ1658 ለልጆች ያሳተመው የሥዕል መጽሐፍ ቃሉን ከነገሩ ጋር አገናኝቶ ያስተምር ነበር። ዣን ዣክ ሩሶ በ1762፣ ከእሱም በኋላ የስዊዘርላንዱ ዮሐን ሃይንሪኽ ፔስታሎትሲ፣ ልጅ ከቃል በፊት በስሜት ሕዋሳቱና በእጁ ይማር ብለው ተከራከሩ።

በፈጠራ ረገድ ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካው የፍሪድሪኽ ፍሮበል ሥራ ነው። ፍሮበል በ1837 በጀርመኗ ባድ ብላንከንቡርግ የሕፃናት ማቆያ ከፍቶ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ «የሕፃናት አትክልት ስፍራ» የሚል ትርጉም ያለውን ኪንደርጋርተን የሚል ስም አወጣለት። ለልጆቹ ያቀረበላቸው ኳሶች፣ ኪዩቦችና የእንጨት ጡቦች ነበሩ፤ ቁራጮቹ ጥቂት ናቸው፣ ከእነሱ የሚሠራው ግን ማለቂያ የለውም። የአሜሪካው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት እናቱ የገዛችለትን እነዚያን የእንጨት ጡቦች ለኋላ ዘመኑ ሥራ መነሻ አድርጎ ይቆጥራቸው ነበር። የፕሩሲያ መንግሥት ግን በ1851 የሕፃናት ማቆያዎቹን የሃይማኖት የለሽነትና የሶሻሊዝም መፈልፈያ አድርጎ ጠርጥሮ ዘጋቸው፤ እገዳው እስከ 1860 ድረስ ቆይቷል። በጡብ የሚጫወት ሕፃን መንግሥትን ሊያሰጋ መቻሉ፣ ለልጅ የመምረጥ ነፃነት መስጠት ምን ያህል ከባድ ነገር ተደርጎ ይታይ እንደነበር ያሳያል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች ጥጥና ሱፍ በእጃቸው ይዘው ጀመሩ። ለሠላሳ ደቂቃ ጥጡን ከፍሬው ሲለቅሙ ቆይተው ከአንድ አውንስ ያነሰ ብቻ ሲያገኙ፣ የሰው ልጅ ከጥጥ ይልቅ ለምን ሱፍ መልበስ እንዳስቀደመ ከራሳቸው ድካም ተረዱት። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ደግሞ ጥር 6 ቀን 1907 በሮም ድሃ ሰፈር የመጀመሪያውን የልጆች ቤት ከፈተች። የእሷ ዘዴ ብዙ ጊዜ ከልቅ ነፃነት ጋር ይምታታል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። መሣሪያዎቿ የተወሰነ አጠቃቀም ነበራቸው፣ ተረትና ምናብንም በትንንሽ ልጆች ዘንድ አታበረታታም ነበር። ለልጁ የሰጠችው ሥራውን ራሱ እንዲመርጥና ማንም ሳያቋርጠው ለረጅም ጊዜ እንዲቆይበት ነው። ያልተቆራረጠ ጊዜ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለተሸነሸነ የትምህርት ቀን ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ መምህራን ያውቁታል።

«ትምህርት ቤት ፈጠራን ይገድላል» የሚለው አባባል ማስረጃ አለው?

ማስረጃ አለው፤ ማስረጃው ግን አባባሉን ያህል አይናገርም። ቶራንስ በ1960ዎቹ ልጆችን ከዓመት ዓመት ተከታትሎ ባደረገው ጥናት ብዙዎቹ አራተኛ ክፍል ላይ ሲደርሱ የፈጠራ ፈተና ውጤታቸው እንደሚወርድ ተገንዝቧል፤ አንዳንዶቹ በቀጣዩ ዓመት ያገግማሉ፣ ሌሎቹ ግን በዚያው ይቀራሉ። ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ዕድሜ ትምህርት ቤት ሥርዓት እየጠበቀ ይሄዳል፤ ልጅም የእኩዮቹን ፊት ማየትና መሳቂያ እንዳይሆን መጠንቀቅ የሚጀምረው በዚሁ ጊዜ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንዳወረደው በዚያ ጥናት ብቻ መለየት አይቻልም።

በ2011 ደግሞ ክዩንግ ሂ ኪም ከ270,000 የሚበልጡ ሰዎችን ውጤት መርምራ፣ በአሜሪካ የቶራንስ ፈተና ውጤት ከ1990 ወዲህ እያሽቆለቆለ መምጣቱን፣ ቅነሳውም በታናናሾቹ ልጆች ላይ መጉላቱን አሳየች። ብዙዎች ይህን በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ጠቁመዋል። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት ልጆች ከቤት ውጭ የሚጫወቱበት ሰዓት ተለውጧል፣ ስክሪን ቤት ገብቷል፣ የወላጅ ቁጥጥርም ጠብቋል። ማሽቆልቆሉ የታየ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ትምህርት ቤት ብቻ ነው ማለት ግን ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው። መዘንጋት የሌለበት ሌላም ነገር አለ፤ ፊደል ያልቆጠረች፣ እርሳስና ወረቀት ያልደረሳት ልጅ ልብ ወለድ አትጽፍም፣ የድልድይ ንድፍም አትነድፍም።

በቃል መያዝ የፈጠራ ጠላት ነው?

አይደለም። በ1973 ዊሊያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን ባደረጉት የታወቀ ሙከራ የቼዝ ሊቅና ጀማሪ ተጫዋች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ እንዲያዩ ተደርጎ በቃላቸው እንዲያስቀምጡ ተጠየቁ። ሊቁ እጅግ በላጭ ሆነ። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫው ጠፋ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሊቁ የያዘው በሺህ የሚቆጠሩ ትርጉም ያላቸው ቅርጾችን ነው እንጂ የተለየ የማስታወስ ኃይል አይደለም፤ ለእንግዳ ሁኔታ አዲስ ዘዴ የሚፈጥረውም ከእነዚህ ነው። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃሉ ያለው ተማሪ በቁጥሮች መካከል ያለ ዝምድና ዓይኑ ላይ ይወድቃል፤ ሰባት ጊዜ ስምንትን ለማስላት የሚቸገረው ልጅ ግን ሐሳቡ በስሌቱ ላይ አልቆ ዝምድናውን ሳያየው ያልፋል።

ችግሩ ያለው በቃል የተያዘው ነገር መድረሻ ሲሆን ነው። የተሸመደደው ከፈተና በኋላ ለምንም ካልዋለ፣ ለማወዳደር፣ ለመገጣጠም፣ ለመቃወም ካልተነሣ፣ ያ ዕውቀት የጎተራ እህል ሆኖ ሳይዘራ ይነቅዛል።

መምህሩ አስቀድሞ ማሳየቱ ልጁን ከመሞከር ያግደዋል?

አንዳንድ ጊዜ አዎን፤ ይህን በግልጽ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ኤሊዛቤት ቦናዊትዝና ባልደረቦቿ በ2011 ያሳተሙት ነው። ትምህርት ላልጀመሩ ሕፃናት አራት የተለያዩ ነገሮችን የሚያደርግ አሻንጉሊት ቀረበላቸው። ለአንዱ ቡድን ተመራማሪዋ «ይህ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ» ብላ ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል ብቻ አሳየች፤ በሌሎቹ ቡድኖች ግን ድምፁ እንደ አጋጣሚ ተሰማ፣ ወይም ማሳየቱ መሐል ላይ ተቋረጠ፣ ወይም ምንም አልታየም። በሥርዓት የተማሩት ልጆች በአሻንጉሊቱ የተጫወቱት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ያገኟቸው የተደበቁ ነገሮችም ጥቂት ነበሩ። ልጆቹ የተሳሳተ ነገር አላሰቡም። አዋቂ የሆነ ሰው አንድ ነገር ብቻ ካሳየ፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነው። መምህር በተናገረው ብቻ ሳይሆን ሳይናገር በተወውም እንደሚያስተምር ይህ ሙከራ ያሳስበናል።

ከዚህ ተነሥቶ መምህሩ ዝም ይበል ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። መፍትሔው ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ማኑ ካፑር በሲንጋፖር ትምህርት ቤቶች ባካሄዳቸው ጥናቶች ተማሪዎች መደበኛ ልይይት (ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ ልኬት) የሚሰላበትን ቀመር ከመማራቸው በፊት፣ ከጥቂት የእግር ኳስ አጥቂዎች መካከል በየዓመቱ በሚያገቧቸው ጎሎች ወጥነት ያለው የትኛው እንደሆነ የሚለኩበትን ዘዴ ራሳቸው እንዲፈጥሩ ተጠየቁ። ብዙ ዘዴ ፈጠሩ፤ አንዱም ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም ለማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ መምህሩ የእነሱን ዘዴዎች እያነጻጸረ ቀመሩን አስተማራቸው። ቀመሩን አስቀድመው ከተማሩት ጋር ሲወዳደሩ በስሌቱ አላነሱም፣ ሐሳቡን በመረዳትና ወደ አዲስ ጥያቄ በማሸጋገር ግን በለጡ። የመምህሩ ማብራሪያ ሳይቀር፣ ጥያቄው ቀድሞ የተማሪው ሆነ።

ፈተናና ሽልማት በፈጠራ ላይ ምን ያደርጋሉ?

ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት በ1973 ሥዕል መሣል የሚወዱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን መረጡ። ለአንዱ ቡድን ከሣሉ የምስክር ወረቀት እንደሚያገኙ አስቀድመው ነገሯቸው፤ ሌላው ሳይጠብቅ ተሸለመ፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ሲታዩ፣ ለሽልማት ብለው የሣሉት ልጆች በሥዕል ላይ ያጠፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። መሣል ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የሚከፈልበት ሥራ ሆነ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ላይ ጉዳቱ አለመታየቱ መታወስ አለበት፤ የሚጎዳው ሽልማቱ ሳይሆን ለሽልማት ተብሎ መሠራቱ ነው።

የምዘናውን መልክ በተመለከተ ሩት በትለር በ1988 በእስራኤል የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ያደረገችው ጥናት ለማንኛውም መምህር ይጠቅማል። ሥራቸው ላይ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች ፍላጎታቸውም ውጤታቸውም ተጠብቆ ቆየ። ማርክ ብቻ የተሰጣቸው ወረዱ። ማርክም አስተያየትም የተሰጣቸውም ማርክ ብቻ እንደተሰጣቸው ሆኑ፤ ቁጥሩ ባለበት ቦታ አስተያየቱ ኃይሉን አጣ። ስንት መምህር በሌሊት ተቀምጦ በእያንዳንዱ ደብተር ላይ ምክር ጽፎ፣ ከጎኑ «6/10» በማስቀመጡ ድካሙ ከንቱ እንደሚቀር ማሰብ ያሳዝናል።

ሀገር አቀፍ ፈተና ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል፤ የሚፈተነው ነገር የትምህርት ሰዓቱን ይወስደዋል፣ የማይፈተነው ይጠብባል። ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ትያትር፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ ውጤቱ ያልታወቀ ሙከራ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዓት ሲጠብ ቀድመው የሚቀነሱ ናቸው።

መምህራን ፈጣሪ ተማሪዎችን ይወዳሉ?

ሁሉም «አዎን» ይላሉ፤ ከልባቸውም ነው። ኤሪክ ዌስትቢና ቪ. ኤል. ዶውሰን በ1995 ያሳተሙት ጥናት ግን መምህራን በጣም የሚወዷቸው ተማሪዎች ጠባይ ከፈጣሪ ልጅ የተለመደ ጠባይ ጋር እንደሚጋጭ፣ በጣም የማይወዷቸው ደግሞ ከዚያ ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ፈጣሪ ልጅ ችኩል ሊሆን ይችላል፣ ሕግ ለምን እንደወጣ ይጠይቃል፣ ከጀመረው ነገር አይነሣም። መምህሩን በዚህ ብቻ መክሰስ አይገባም፤ ሃምሳ ልጅ ይዞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስድስት ምዕራፍ መጨረስ ያለበት ሰው፣ ከርዕሱ የሚያስወጣ ጥያቄ ሲነሣ መጨነቁ የሰው ነው።

ፈጠራ በፈተና ሊለካ ይችላል? ሀገሮችስ እንዴት ናቸው?

ፒሳ (PISA) የተሰኘው የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪዎች ዓለም አቀፍ ምዘና በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ የፈጠራ አስተሳሰብን ለካ፤ የ64 ሀገሮችና የኢኮኖሚ ግዛቶች ውጤትም በሰኔ 2024 ይፋ ሆነ። ተማሪዎቹ ታሪክ እንዲጽፉ፣ ሥዕላዊ ንድፍ እንዲያወጡ፣ ለማኅበራዊና ለሳይንሳዊ ችግሮች ልዩ ልዩ መፍትሔ እንዲያቀርቡ ተጠይቀው ነበር። ሲንጋፖር ከ60 ውስጥ 41 ነጥብ አግኝታ አንደኛ ወጣች፤ ምዘናውን የሚያካሂደው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) አባል ሀገሮች አማካይ 33 ነው። በየትኛውም ሀገር ወንዶች ሴቶችን አልበለጡም። ሌላው ቁም ነገር፣ በፈጠራ አስተሳሰብ ለመላቅ በሒሳብ ወይም በንባብ እጅግ የላቁ መሆን ግዴታ አለመሆኑ ነው።

የሲንጋፖር መቅደም ብዙዎችን ያስገርማል፤ ልጆቿ በአንደኛ ደረጃ ማብቂያ ላይ ከባድ ሀገር አቀፍ ፈተና የሚወስዱባት ሀገር ናትና። ይሁን እንጂ በ1997 የሚያስቡ ትምህርት ቤቶችን መገንባት የመንግሥት ዓላማ መሆኑ ታወጀ፤ በ2004 ደግሞ ትንሽ አስተምሮ ብዙ እንዲማሩ ማድረግ የሚል መርሕ ተነሥቶ ሥርዓተ ትምህርቱ ከያዘው ተቀነሰለት። ጠንካራ የዕውቀት መሠረትና ለማሰብ የተለቀቀ ጊዜ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ምንም እንኳ በተማሪዎቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ራሱን የቻለ ጉዳይ ቢሆንም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተማሪዎችን ፈጠራ ያሳድጋል ወይስ ያደነዝዛል?

አኒል ዶሺና ኦሊቨር ሃውዘር በ2024 ባሳተሙት ሙከራ 300 ገደማ ሰዎች አጭር ታሪክ ጻፉ፤ ከፊሎቹ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት መነሻ ሐሳብ እንዲያገኙ ተፈቀደላቸው። የእነዚህ ታሪኮች በአንባቢዎች ዘንድ ይበልጥ ፈጠራ ያለባቸው ተባሉ፣ በተለይም ደካማ ጸሐፊዎች በእጅጉ ተጠቀሙ። ታሪኮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን እርስ በርሳቸው ተመሳሰሉ። አንድ መምህር የአርባ ተማሪ ድርሰት ሲያርም የሚያየው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ ጥሩ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ የራሱን ሦስት መነሻዎች ጽፎ ካስቀመጠ በኋላ መሣሪያውን ተከራካሪ ወይም ተቺ አድርጎ ቢጠቀምበት ይሻላል እንላለን፤ መነሻውን ከመሣሪያው የወሰደ ሰው ከዚያ ክበብ ለመውጣት ይቸገራል።

መምህር የሥርዓተ ትምህርቱን መለወጥ ሳይጠብቅ ምን ማድረግ ይችላል?

ከሚያስተምራቸው ምዕራፎች በአንዱ ላይ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይችላል፤ ማብራሪያውን ከመስጠቱ በፊት አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ሰጥቶ ሃያ ደቂቃ መታገሥ። በእነዚያ ደቂቃዎች ትልቁ ፈተና የመምህሩ ነው፤ ዝምታው ይከብዳል፣ መልሱን መናገር ያምራል። ተማሪው «አልገባኝም» ሲል «እስካሁን ምን ሞከርክ?» ብሎ መመለስ ይበቃል። የተሳሳተ መልስ ሲመጣ ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ሰሌዳ ላይ አስፍሮ «ይህ ትክክል የሚሆነው በምን ሁኔታ ነው?» ብሎ ክፍሉን መጠየቅ ስሕተትን የጋራ መሥሪያ ያደርገዋል። ከፈተና ጥያቄዎች አንዱን ተማሪው ራሱ እንዲያወጣ ማድረግም ይቻላል፤ ጥሩ ጥያቄ ማውጣት ጥሩ መልስ ከመስጠት እንደማያንስ ተማሪው የሚያምነው ማርክ ሲሰጠው ብቻ ነውና። እንዲሁም ከአሥር ሥራ በሁለቱ ላይ ቁጥር ሳያሰፍሩ አስተያየት ብቻ ጽፎ መመለስ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ወላጅስ በቤት ውስጥ?

ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» የሚለው የተለመደ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። «ዛሬ ምን ጠየቅህ?» ብሎ መጀመር ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ልጁ ምንም አልጠየቅሁም ሊል ይችላል፤ ጥያቄው በየቀኑ ከተደገመ ግን ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ማታ የሚናገረውን መፈለግ ይጀምራል። የሣለውን ሥዕል ሲያሳይም «ጎበዝ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ እዚህ ጋ ይህን ቀለም ለምን መረጥክ ብሎ መጠየቅና እስኪጨርስ መስማት ይሻላል። የፈታታውን ዕቃ መልሶ እስኪገጥም መታገሥ፣ ከጀመረው ጨዋታ ያለ ምክንያት አለማስነሣት፣ «ሰለቸኝ» ሲል ስልክ ከመስጠት ይልቅ ጥቂት ሰዓት በስልቹነቱ ውስጥ እንዲቆይ መተው ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው።